የግጦሽና የድርቆሽ መስክን ከከባድ መሣሪያ ጉዳት ስለ መጠበቅ

ይህ ጽሑፍ በእንፍራንዝና በአካባቢው፣ እንዲሁም በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደምቢያ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ ነው። የሚመለከተውም ትራክተር፣ ኮምባይነር፣ ተሳቢና ገልባጭ መኪና በወል መስክ ላይ ሲያልፉ በሣሩና ከሣሩ ሥር ባለው አፈር ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ነው። ስለ ትራክተር ጥቅም ብዙ ተጽፏል፤ የእርሻ መሬት በጎማ ስለ መጠቅጠቁም አልፎ አልፎ ይነገራል። ስለ መስኩ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። መስኩን ማንም አያርሰውም፣ ማንም የግሌ ነው ብሎ አይቆረቆርለትም። ማሽኑን የሚከራየው ሰው እርሻው በጊዜ ይታረስለታል፤ የተረገጠው ሣር ግን የሚጎድለው ከሁሉም ከብት አፍ ነው።

ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ጣና ለሚመለከት ሰው የነገሩ መነሻ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። ከላይ ዳገቱ አለ፤ ከግርጌው የባሕር ዳርና የጎንደር አውራ ጎዳና ያልፋል፤ ከዚያ በታች እስከ ሐይቁ ዳር ሜዳው ይዘረጋል። የአርኖና የጋርኖ ወንዞችም ከዳገቱ ያጠቡትን አፈር ይዘው በዚሁ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይወርዳሉ። አብዛኛው የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የፎገራ ከብት ዝርያም የኖረው እንዲህ ባለው ውሃ በሚተኛበት መስክ ሣር ላይ ነው። ማሽኑ የሚመጣው በአውራ ጎዳናው ነው፤ ብዙው እርሻ የሚገኘው ደግሞ ከመስኩ ማዶ ነው። ስለዚህ መስኩ መንገድ ይሆናል።

ቀድሞ የማሽን ነገር ለዚህ አገር እንግዳ ነበር። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከ1970ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ የኪራይ ትራክተርና በኋላም ኮምባይነር ተከትሎ መጣ። ለቤትና ለመንገድ ሥራ ከወንዝ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ ገልባጮችም ተጨመሩ። ማሽን አይምጣ አንልም፤ በሬ ያጣ ገበሬ በሰዓቱ እንዲዘራ ከተፈለገ ማሽን ያስፈልጋል። የምንለው በየት በኩልና በየትኛው ቀን ይለፍ የሚለው አስቀድሞ ይወሰን ነው።

ከብቱስ ይረግጠው የለም ወይ?

የልማት ሠራተኛው ይህን ጉዳይ በስብሰባ ላይ ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጄ፣ ይህን መስክ ከአያት ጀምሮ መንጋ ሲረግጠው ኖሯል፤ ሣሩ መቼ ጠፋ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ ይገባል። እንዲያውም በአንድ በኩል እውነት አላቸው። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በአራት ኮቴው ሲቆም፣ የእያንዳንዱ ኮቴ ስፋት 55 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ከሩብ በላይ ያርፋል። ሲራመድ ከመሬት የሚነሣ እግር ስላለ ጫናው ከዚህም ይጨምራል። የትራክተር ጎማ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ደግሞ በውስጡ ካለው አየር ብዙም አይርቅም፤ ይኸውም ከ1 እስከ 1.5 ባር ሲሆን በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ነው ማለት ነው። እንግዲህ በላይኛው አፈር ላይ የኮቴና የትራክተር ጎማ ጫና ተቀራራቢ ነው፤ አንዳንዴም ኮቴው ይበልጣል።

ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። ጫናው ከላይ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚወስነው የጎማው አየር ነው፤ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚዘልቅ የሚወስነው ግን አንድ አክስል የተሸከመው ጠቅላላ ክብደት ነው። ጠባቡ ኮቴ የሚያሳርፈው ጫና ብዙ ሳይወርድ ይበተናል፤ ጉዳቱም በአብዛኛው ከላይኛው 10 እና 15 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ይህ የላይኛው አፈር በጋ ሲሰነጠቅ፣ ሥር ሲገባበትና ትል ሲቦረቡረው ይላላል። ዋልካ እንዲህ እያለ ራሱን በራሱ ያርሳል። ብዙ ቶን የተሸከመ ሰፊ ጎማ ግን ጫናውን ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች ያደርሰዋል። በስዊድን፣ በሌሎች የሰሜን አውሮፓ አገሮችና በሰሜን አሜሪካ በአንድ አክስል 10 ቶን በሚጭኑ ተሽከርካሪዎች የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው የሥረኛ አፈር መጠቅጠቅ በየዓመቱ ብርድ አፈሩን እያቀዘቀዘና እያቀለጠ እንኳ ለብዙ ዓመት ሳይለቅ ይቆያል። የእኛ ማረሻ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ነው፤ መስክ ደግሞ ጭራሹን አይታረስም።

ለሽማግሌው የሚሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ መንጋው የሚረግጠውን መስኩ ራሱ ይጠግነዋል፣ ከባዱ ተሽከርካሪ ከሥር የጠቀጠቀውን ግን እርስዎም ልጅዎም ሊደርሱበት አይችሉም። ይህም ሲባል መንጋ በጭቃ ወራት መስክ ላይ ይዋል ማለታችን አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሣሩስ በምን ይጠፋል? አፈሩ ሲጠቀጠቅ በመጀመሪያ የሚዘጉት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አየር የሚገባውና ውሃ የሚሰርገው በእነዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ውሃ ይተኛል፣ ሥር አየር ያጣል። ማገጥና ጥሩ ጥሩዎቹ ሣሮች ይመነምናሉ፤ በምትካቸው ከብት የማይወደው ቄጠማና ጊጫ ይነሣል። በፎገራ ሜዳ ብዙ መስክ ያበላሸው እሾኻሙ አሜኬላም የተጎዳና የተራቆተ መስክ ሲያገኝ ይበረታል። ሌላው ጉዳት ጎማው ራሱ የሚተወው ቦይ ነው። ቦዩ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ተዳፋት አቅጣጫ ከሆነ የመጀመሪያው ዶፍ በእርሱ ይሄዳል፤ ሁለትና ሦስት ክረምት ሲያልፍ የጎማ ቦይ የነበረው ቦረቦር ይሆናል። በዋልካ ላይ የተከፈተ ቦረቦር ደግሞ ዳርና ዳሩ እየተናደ ይሰፋል እንጂ በራሱ አይዘጋም።

ከባዱ የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ትራክተሩን ሲፈራ ተሳቢውን ይረሳል። በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ በብዛት የታወቀው የቤላሩስ ዓይነት መካከለኛ ትራክተር ከ3 እስከ 4 ቶን ይመዝናል፤ ይህም በአራት ጎማ የተከፋፈለ ሲሆን የኋለኞቹ ሰፋፊ ናቸው። ነገር ግን ከኋላው በአንድ አክስል ላይ ያለ ተሳቢ ታስሮ 50 ኩንታል ሩዝ ቢጫንበት፣ ጭነቱ ብቻ 5 ቶን ነው። የተሳቢው የራሱ ክብደት ሲጨመር ከ6 ቶን የማያንስ ክብደት፣ ጠባብና በከፍተኛ አየር በተነፋ የመኪና ጎማ ላይ ያርፋል። መስኩን የሚቀደው በአብዛኛው ይህ ነው። መካከለኛ ኮምባይነር ባዶውን 10 ቶን ያህል ሊመዝን ይችላል፤ አብዛኛውም የሚያርፈው በፊት አክስሉ ላይ ነው፤ የእህል ጋኑ ሲሞላ ደግሞ ጥቂት ቶን ይጨምራል። አሸዋ የሞላ ሦስት አክስል ገልባጭ ከ30 ቶን ሊበልጥ ይችላል፤ የጎማው አየርም 7 እና 8 ባር ነው። ይህ ተሽከርካሪ ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ የተሠራ ስለሆነ ርጥብ መስክ ላይ በምንም ምክንያት መውጣት የለበትም። ሰንሰለት ጫማ ያለው ኤክስካቫተር በተቃራኒው ክብደቱን በሰፊው ስለሚዘረጋ በካሬ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን በቆመበት ሲዞር ሣሩን ከነሥሩ ይገለብጠዋል። እስከ መስኩ ዳር በሎቤድ ይምጣ፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ቀጥ ብሎ ይውጣ።

ስለ ጎማ አየር አንድ ነገር እንጨምር። ከወረታ ወይም ከጎንደር በአስፋልት የመጣ ትራክተር ጎማው ለመንገድ ተነፍቶ ነው የሚመጣው። ሾፌሩ መስክ ሲገባ አየር ቢቀንስ ጎማው ይሰፋል፣ ጫናው ይቀላል፣ መንሸራተቱም ይቀንሳል። ይሁንና ወደ መንገድ ሲመለስ መልሶ የሚነፋበት ስለሌለው አይቀንስም፤ በዚህ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ አይገባም። የአየር መለኪያና አነስተኛ ኮምፕረሰር ማኅበሩ በመጋዘኑ ቢያስቀምጥ ወጪው ለአንድ ማኅበር የሚከብድ አይደለም። ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል የሚወሰነው በጎማው አምራች ሠንጠረዥ ነው፤ በግምት አይደለም።

ቀኑን መምረጥ

ከክብደቱም ከጎማውም ይልቅ ጉዳቱን የሚወስነው በዚያ ቀን በአፈሩ ውስጥ ያለው ርጥበት ነው። በጥር ምንም ምልክት ሳይተው ያለፈው ትራክተር በሰኔ እስከ አክስሉ ሊሰምጥ ይችላል። በአካባቢያችን አደገኛ የሆኑት ወቅቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዝናብ ሲጀምር፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ካላሳረስሁ የሚልበት ጊዜ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ አታላዩ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ዝናቡ አቁሟል፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ የመስኩ ገጽ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል። የጣና ውሃ ግን ገና ብዙም አልሸሸም፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ያለው አፈርም እንደ ሊጥ ነው። ድርቆሹ የሚጫነው፣ ኮምባይነሩም ቀድሞ ወደ ደረሰው ሩዝ የሚገባው በዚሁ ጊዜ ነው።

ስለሆነም ገጹን አይቶ መፍረድ አይገባም። ማሽኑ በሚያልፍበት መስመር ላይ በየ50 ሜትሩ በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ ከሥር አንድ ጭብጥ አፈር ይወሰድ። አፈሩ በሁለት መዳፍ መካከል ሲሽከረከር እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ማሽን አይግባ። ለመጠቅለል ሲሞከር እየተሰባበረ የሚፈርስ ከሆነ ቀለል ያለው ማሽን ማለፍ ይችላል። በዶማው የተቆረጠው አፈር ፊቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይህም የርጥበት ምልክት ነው። ይህን መሞከር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቀድሞ የተጠቀጠቀ ቦታ ለማወቅ ደግሞ ባለ 10 ፌሮ ብረት ጫፉን አሹሎ፣ አፈሩ ርጥብ በሆነበት ጊዜ በእጅ ወደ ታች መጫን ነው። ብረቱ በእኩል ኃይል እየገባ ሄዶ በአንድ ጥልቀት ላይ እምቢ ካለ፣ በአቅራቢያው ባልተረገጠ ቦታ ላይ ግን ከዚያ ጥልቀት ካለፈ፣ ከሥር ጠጣር ንጣፍ አለ ማለት ነው። በደረቅ ዋልካ ላይ ይህ ሙከራ ምንም አይነግርም።

በአንድ መንገድ መሄድ

አፈርን አብዝቶ የሚጠቀጥቀው የመጀመሪያው ማለፍ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጨምራሉ፣ ነገር ግን የሚጨምሩት እያነሰ ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው ሁሉም ማሽን በአንድ ዱካ እንዲሄድ ያደርጋል። የተለመደው ግን ተቃራኒው ነው፤ የፊተኛው ዱካ ጭቃ ሲሆን የኋለኛው ሾፌር በጎን አዲስ ያወጣል፣ ሦስተኛውም ከእርሱ ጎን። በክረምቱ መጨረሻ መስኩ የእባብ መንጋ የሄደበት ይመስላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። መስኩ ከአውራ ጎዳናው እስከ እርሻው 400 ሜትር ይሁን። አንድ ትራክተር በግራና በቀኝ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዱካዎች ይተዋል፤ ይህ በ400 ሜትር ርዝመት 360 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሥር ትራክተሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መስመር ቢያልፉ የተረገጠው 3,600 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጥማድ የሚበልጥ መስክ ነው። ከሄክታር 30 ኩንታል ድርቆሽ የሚገኝ ከሆነና የተረገጠው ሣር ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ወደ 11 ኩንታል ድርቆሽ ጎደለ ማለት ነው። በቀን 7 ኪሎ ግራም ለምትበላ ላም ይህ የአምስት ወር ቀለብ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ። አሥሩም በአንድ ዱካ ቢሄዱ ግን የሚጠፋው ከዚህ አንድ አሥረኛው ነው።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የእኛን ዋልካ በሚመስል ጥቁር አፈር ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የያዙት አሠራር ይኸው ነው። ትራክተሩም፣ መርጫውም፣ ኮምባይነሩም በየዓመቱ በተወሰነ ቋሚ ዱካ ላይ ብቻ ይሄዳሉ፤ የቀረው መሬት ጎማ አይነካውም። እነሱ ማሽናቸውን ለዚሁ እያስተካከሉ ይሠራሉ፤ ለእኛ የሚበቃን ግን ገመድና ካስማ ነው። መስመሩ የሚመረጠው ከፍ ባለውና ቶሎ በሚጠነፍፈው ዳር በኩል ሲሆን፣ ቢቻል ተዳፋቱን ተከትሎ ቁልቁል የሚወርድ አይሁን። የውሃ መውረጃን ማቋረጥ ግድ ከሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ቦታውም ድንጋይ ይነጠፍበት። ማዞሪያው መስኩ ላይ ሳይሆን እርሻው ውስጥ ይደረግ።

ተሳቢው መስኩ ላይ መግባት የለበትም ብለን አጥብቀን እንመክራለን። ሩዙ ወይም ድርቆሹ በሰው፣ በአህያ ወይም በጋሪ እስከ ጎዳናው ዳር ይውጣና እዚያ ይጫን። ድካም አለው፤ ሆኖም በጥቅምት ርጥብ መሬት ላይ ሌላ መላ የለም። ኮምባይነሩም ጋኑ ሳይሞላ በእርሻው ዳር ቶሎ ቶሎ ያራግፍ።

ጭቃ ሳለ ማለፍ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ለስላሳው ቦታ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና ከመንገዱ አግድም እያጠጋጉ መደርደር፣ ከሥሩም የሩዝ ገለባ መጎዝጎዝ ይጠቅማል። አጣናው ክብደቱን ያሰፋል፣ ጎማውም ሣሩን እንዳይፍቅ ያደርጋል። ሥራው እንዳለቀ ግን ይነሣ፤ ሣር ከሳምንት በላይ ከተሸፈነ ይበሰብሳል። የሰመጠ ማሽን ደግሞ ጎማውን ማሽከርከር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር አይፈይድም። ይቁም፣ ጭነቱ ይውረድ፣ ከዚያም በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይጎተት።

ይህ ሁሉ በውል ካልገባ አይፈጸምም። ሾፌሩ የሚከፈለው በሄክታር ስለሆነ መሬቱ እስኪደርቅ የሚጠብቅበት ቀን ለእርሱ ኪሳራ ነው፤ ቢቸኩል አይፈረድበትም። ማኅበሩ ትራክተር ሲከራይ ከዋጋው ጋር የመግቢያው መስመር፣ የአፈሩን ርጥበት የሚፈትሸው ሰው፣ ሥራው በርጥበት ምክንያት ሲዘገይ የመጠበቂያው ክፍያ እንዴት እንደሚሆንና ከመስመሩ ለወጣ ዱካ ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ጋርም መስመሩ ከግንቦት በፊት ይተመን። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጠብ ነው።

ስለ እምቦጭ ሥራ

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ ከተረጋገጠበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ብዙ የማስወገድ ሥራ ተሠርቷል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፊ ዘመቻም የሚታወስ ነው። ከውሃ የወጣው አረም በመኪና ይወሰድ ሲባል የዳርቻው መስክ ይረገጣል። እዚህ ላይ ቀላል መፍትሔ አለ፤ ከእምቦጭ ክብደት ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ተከምሮ በደንብ እስኪደርቅ ቢቆይ፣ 10 ቶን የነበረው አረም ወደ 1 ቶን ይጠጋል፤ በጋሪም ይወጣል። ነገር ግን ዘር ሊኖረው ስለሚችል መስኩ ላይ አይበተን፣ ለመንገድ ንጣፍም አይዋል።

የተጎዳውን መጠገን

የጎማ ቦይ ሲገኝ ቶሎ ብሎ ድንጋይና ደረቅ ጓል መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው። ጓሉ ከጎኑ አፈር ጋር አይያያዝም፤ ውሃም ከሥሩ መንገድ ያገኛል። የሚሻለው አፈሩ ወዛም ሆኖ ግን ሳይጣበቅ፣ ወደ ጎን የተገፋውን ዳር በመንሽ ወይም በዶማ ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ መመለስ፣ የቦዩን ወለልም አስቀድሞ ማላላት ነው። የጎደለውን ከዚያው መስክ በተገኘ አፈር መሙላት፣ በእግር ረገጥ ማድረግ፣ ከዙሪያውም ጥቂት ከፍ አድርጎ መተው፤ ክረምት ሲመጣ ይወርዳል። ቁልቁል በወረደው ቦይ ላይ በየጥቂት ሜትሩ አግድም የአፈር እርከን ማድረግና ዳርዳሩን ደሾ መትከል ቦረቦርን ይከላከላል።

ለመሸፈን ከሰርዶ የሚሻል አናውቅም። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ከአጠገቡ የሰርዶ ሐረግ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው እየተቆረጠ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይተከላል፤ ጫፉ ከአፈር ውጭ ይተው። የሮደስ ሣር ዘር ገዝተው የሚዘሩ አሉ፤ ነገር ግን ሮደስ ለረጅም ጊዜ ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ደካማ ስለሆነ ለጠንፋፋው ዳር ብቻ ይሁን። አሜኬላ ብቅ ካለ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ይነቀል።

የተጠገነው ቦታ አንድ ሙሉ ክረምት፣ እስከ ድርቆሽ አጨዳው ድረስ፣ ከብት አይግባበት። በእሾህ ማጠር ካልተቻለ ተረኛ እረኛ ይመደብለት፤ በመጀመሪያው ዓመትም ይታጨድ እንጂ አይጋጥ። ከሥር ጠጣር ንጣፍ ላለበት ቦታ ጥልቅ ማረሻ በትራክተር ማስገባት የሚቻለው አፈሩ እስከ ሥር ሲደርቅ፣ በየካቲትና በመጋቢት ብቻ ነው። በርጥበት ከተሞከረ ብረቱ ዋልካውን እንደ ቂቤ ቆርጦ ያልፋል፣ ንጣፉ ግን አይሰበርም። ይህ ሥራ ውድ ስለሆነ ለቋሚው ዱካ አያስፈልግም፤ ዱካው መንገድ ሆኖ ይቅር።

በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በማኅበር ግቢ ያለ ሣርም የሚጠበቀው በዚሁ ዘዴ ነው። አሸዋና ብሎኬት የሚያራግፍ መኪና ከበሩ ውጭ ያራግፍ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በባሬላ ወይም በእጅ ጋሪ ይግባ፤ ለእጅ ጋሪውም ጣውላ ይነጠፍ።